ከባንክ ብድር ጋር የመጣ የቤት መድን ምን ያህል ይበቃል?

ቤቴ የሚገኘው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። ከፊት አራት ክፍል የብሎኬት ቤት፣ ከጓሮ ደግሞ በባሕር ዛፍ ቆሞ በጭቃ የተመረገ ሦስት ክፍል ሰርቪስ አለው። በ2013 ዓ.ም. ቤቱን ለማስፋት ከባንክ ብድር ስወስድ ካስፈረሙኝ ወረቀቶች አንዱ የቤት መድን ውል ነበር። መያዣ የሆነ ቤት መድን ሊኖረው ይገባል ስለተባለ ኩባንያውንም፣ የመድኑን መጠንም፣ የዋስትናውን ዓይነትም መርጦ ያቀረበልኝ ራሱ የብድር ክፍሉ ሲሆን፣ የእኔ ድርሻ መፈረምና አረቦኑን፣ ማለትም የመድኑን ክፍያ፣ በየዓመቱ መክፈል ነበር። ውሉን ከክላሴሩ አውጥቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበብኩት በጥር 2017 ዓ.ም. ማዕድ ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ኩባንያ ቀይሬ ሌላ ውል ገዝቻለሁ። ከዚህ በታች የምገመግመው ሁለቱን ውሎች ነው፤ ኩባንያዎቹን በስም አልጠራም፣ ደጋግሜ እንዳየሁት የሦስቱም የአራቱም ኩባንያ ውል አብዛኛው አንቀጽ አንድ ዓይነት ነውና።

አደጋው የደረሰው እንዲህ ነው። እንጀራ እየተጋገረ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ምጣዱን ከሶኬት የነቀለ ሰው አልነበረም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ መብራቱ ሲመለስ ሁላችንም ዋናው ቤት እራት ላይ ነበርን፤ የምጣዱ ገመድ ግሎ ነደደ፣ እሳቱ በማገሩ በኩል ወጥቶ ማዳበሪያ የተወጠረበትን ኮርኒስ ያዘ። ጎረቤት በባልዲ ውሃና በአፈር ተረባርቦ ሲያጠፋው ማዕድ ቤቱና ከእሱ ቀጥሎ ያለው የዕቃ ክፍል ጣራቸው ወርዶ ነበር። ቸልተኝነቱ የእኛ መሆኑን ስለማውቅ ካሳ አይከፈለኝም ብዬ ሰግቼ ነበር፤ ነገር ግን መድን የሚገባው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው፤ ባለቤቱ ሆን ብሎ እስካላደረሰው ድረስ ተራ ቸልተኝነት ዋስትናውን አያስቀርም። ያልከፈሉት የምጣዱን ዋጋ ብቻ ነው። በእሳት መድን ውሎች ውስጥ በተለመደው አንቀጽ መሠረት፣ በራሱ የኤሌክትሪክ ብልሽት የነደደው መሣሪያ አይካስም፤ ከእሱ ተነሥቶ የተዛመተው እሳት ያደረሰው ጉዳት ግን ይካሳል። ይህን በማንም ቅር ሳልሰኝ ተቀብያለሁ።

ያልተቀበልኩት ስሌቱን ነው፤ የዚህ ግምገማ ዋና ጉዳይም እሱ ስለሆነ በዝርዝር ላስቀምጠው። ሁለቱን ክፍሎች መልሶ ለመሥራት የወጣው ወጪ 420,000 ብር ነበር። ኩባንያው የላከው የጉዳት ገማች ቆርቆሮውና እንጨቱ ያረጀ ነው ብሎ የእርጅና ተቀናሽ ካወጣ በኋላ ጉዳቱን 360,000 ብር አደረገው። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው፤ የንግድ ሕጉ አንቀጽ 678 ካሳው ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፣ ያረጀ ጣራም የአዲስ ጣራ ዋጋ የለውም። ቀጥሎ ግን ቤቱ በሙሉ ቢፈርስ እንደ አዲስ ለመሥራት ስንት ይፈጃል ብሎ አሰላና 3,600,000 ብር አገኘ። የእኔ የመድን መጠን ደግሞ 1,800,000 ብር ብቻ ነበር፤ ባንኩ ያስገባኝ በቤቱ ዋጋ ልክ ሳይሆን በብድሩ ልክ ነበርና። ስለዚህ ቤቱን በግማሽ ዋጋው ብቻ መድን እንዳስገባሁት፣ ለቀሪው ግማሽ እኔው ራሴ መድን ሰጪ እንደሆንኩ ተቆጥሮ ካሳው በግማሽ ተቀነሰ። ከዚያም በውሉ ውስጥ መድን ገቢው ራሱ እንዲሸከም የተጻፈው አሥር በመቶ ተቀነሰና 162,000 ብር ቀረልኝ።

ብዙ ሰው «ቤቴ ሚሊዮን ብር መድን አለው፣ የደረሰው ጉዳት አራት መቶ ሺህ ነው፣ ስለዚህ አራት መቶ ሺህ ይከፈለኛል» ብሎ የሚያስብ ይመስለኛል፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የመድኑ መጠን ከቤቱ ዋጋ ሲያንስ ትንሽዋም ጉዳት በዚያው መጠን ተቀንሳ የምትከፈል መሆኗ ውሉን ስፈርም አልተነገረኝም፤ ጽሑፉ ግን በሰባተኛው ገጽ ላይ አለ።

በስሌቱ ውስጥ አንድ ስሕተት ያገኘሁት ወረቀቱን ለሦስተኛ ጊዜ ሳነብ ነው። ገማቹ ጉዳቱን ሲያሰላ የአሮጌ ቤት ዋጋ ይጠቀማል፤ ቤቱን በሙሉ ሲገምት ደግሞ የአዲስ ቤት ዋጋ ይጠቀማል። ጉዳቱ ላይ እርጅና የሚታሰብ ከሆነ በቤቱ ጠቅላላ ዋጋ ላይም ሊታሰብ ይገባል። ይህንኑ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፌ አስገባሁ፤ ሦስት ሳምንት ከቆየ በኋላ የቤቱ ጠቅላላ ዋጋ በእርጅና ታርሞ 3,000,000 ብር ሆነ። የመድን መጠኔ ከዋጋው ስልሳ በመቶ ሆነ ማለት ነው፤ ካሳውም 216,000 ብር፣ አሥር በመቶው ሲቀነስ 194,400 ብር ሆኖ ተስተካከለ። በአንድ ደብዳቤ የተመለሰው 32,400 ብር ነው። ለዚህም ቅርንጫፉን አላማም፤ ልጆቹ ደብዳቤውን በአክብሮት ተቀብለው፣ ስሕተታቸውን አምነው አርመዋል። ባልጽፍ ኖሮ ግን ማን ያርመው ነበር?

ገንዘቡም ቢሆን በቀጥታ እጄ አልገባም። በውሉ ላይ ቀዳሚው ተጠቃሚ ባንኩ ስለሆነ ቼኩ በባንኩ ስም ተጽፎ ወጣ፤ ለጥገና እንዲለቀቅልኝ ደግሞ ሌላ ማመልከቻና የጥገና ደረሰኞች አስፈለጉ። ባንኩ ብድሩን ማስጠበቁ ተገቢ ነው። የብድሩ ቀሪ እየቀነሰ ሲሄድ የመድኑን መጠን አብሮ መቀነስ ግን ለባለቤቱ ጉዳት መሆኑን ተበዳሪ የሆነ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል፤ አረቦኑ ጥቂት ስለቀነሰ ደስ ይለናል፣ ከቤቱ ዋጋ ጋር ያለው ክፍተት ግን በየዓመቱ ይሰፋል።

ክፍተቱን ያሰፋው ሌላው ነገር የዋጋው ሁኔታ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመኑን በገበያ እንዲወሰን ከለቀቀ በኋላ፣ ዶላር ሃምሳ ሰባት ብር አካባቢ ከነበረበት በጥቂት ቀናት ከመቶ ብር አለፈ። ፌሮም፣ ቆርቆሮም፣ የኤሌክትሪክ ገመድም፣ የቧንቧ ዕቃም አብዛኛው ወይ ራሱ ወይ ጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ነውና ቤት የሚሠራበት ዋጋ አብሮ ወጣ። በ2013 ዓ.ም. የተጻፈ የመድን መጠን ያኔም በቂ አልነበረም፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ይባስ ብሎ አነሰ። ስለዚህ ቤቱን ማስገመት ያለብን በገዛነው ዋጋ ወይም ደላላ በሚጠራው ዋጋ አይደለም። ደላላው የሚጠራው ዋጋ የቦታውን ተፈላጊነት ይጨምራል፤ መሬቱ ግን በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ እሳትም አያቃጥለውም፣ መድንም አይገባለትም። የሚያስፈልገው ፍርስራሹን አንሥቶ፣ መሐንዲስ ከፍሎ፣ ቤቱን ከመሠረቱ ለማቆም ዛሬ የሚፈጀው ገንዘብ ነው። እኔ በከተማው ውስጥ ሥራ ተቋራጮች የሚያሠሩትን አንድ መሐንዲስ ከፍዬ የሥራና የዕቃ ዝርዝር አስወጣሁ፤ አጥርና በር፣ የውሃ ታንከርና የሽንት ቤት ጉድጓድ ሳይቀር ተቆጥሮ 4,800,000 ብር ሆነ። ለዝርዝሩ የከፈልኩት ገንዘብ ከአንድ ዓመት አረቦን ያነሰ ነው።

ይህን ዝርዝር ይዤ ከሦስት ኩባንያዎች ፕሮፎርማ ጠየቅሁ። አንደኛው አረቦኑን ዝቅ ብሎ ስላቀረበ ወዲያው ልቀበለው ነበር፤ ኋላ ግን ዋስትናው እሳትና መብረቅ ብቻ መሆኑን አየሁ። እሳትና መብረቅ ለሰሜን ሸዋ አይበቃም። ክረምት ላይ በሬሳ ወንዝ ዳር ያለ ቤት ጎርፍ ያሳስበዋል፤ በደጋው ላይ ነፋስ የቀላቀለ በረዶ ቆርቆሮ ይነቅላል፣ ኮርኒስ ያወርዳል። መብረቅ በእሳት ውል ውስጥ ስለተጠቀሰ ብዙዎች ማዕበልና በረዶም እዚያው ያለ ይመስላቸዋል። የሉም፤ በተጨማሪ አረቦን የሚገዙ ናቸው።

ስለ መሬት መንቀጥቀጥም ቸል ማለት አይገባም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ተደጋግሞ የደረሰው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ በእኛ ቤት በቡፌው ውስጥ ያሉት የቡና ስኒዎች በሌሊት ሲንጫጩ የነቃንባቸው ቀናት ነበሩ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ደግሞ በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የደረሰውን ያነሣሉ፤ ያን ጊዜ የፈረሰችው ማጀቴ የዚሁ የእኛ ዞን ከተማ ናት። በጠየቅኳቸው ሦስቱም ኩባንያዎች የመሬት መንቀጥቀጥ ዋስትና ለብቻው ሲጠየቅ የሚጨመር ነው፣ ሳይጠየቅ ግን አይጨመርም። የመሬት መንሸራተት ደግሞ ከዚህ ይለያል። ከጣርማ በር ቁልቁል፣ በደብረ ሲና ዙሪያ ያሉ እንደ ይዛባ ወይን ያሉ መንደሮች በ1998 ዓ.ም. መባቻ በመሬት መንሸራተት ቤታቸውን አጥተዋል፤ ወንድሜ ደብረ ሲና ላለው ቤቱ ይህንኑ ዋስትና ጠይቆ ሁለት ኩባንያዎች አልሰጡትም፤ እኔ ሜዳ ላይ ስላለሁ በቀላሉ ጨመሩልኝ። ለሚያስፈልገው የማይሸጥ፣ ለማያስፈልገው የሚመረቅ ዋስትና መሆኑ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚሻው ግን ከግጭት ጋር የተያያዘ ጉዳት ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ላይ ብዙ ቤቶች ሲቃጠሉ ሁላችንም አይተናል። ቤት በእሳት ቢወድምም እሳቱ የተነሣው በጦርነት፣ በሕዝባዊ ሁከት ወይም በሽብር ከሆነ ተራ የእሳት መድን አይከፍልም፤ በሁሉም ውሎች ውስጥ ከዋስትናው ውጪ ተብለው በተዘረዘሩት አንቀጾች ውስጥ በግልጽ ተጽፏል። ለዚህ የሚሆነው የፖለቲካ አመፅና የሽብር ጉዳት ዋስትና ለብቻው የሚሸጥ ነው። ከጠየቅኳቸው ሦስት ኩባንያዎች ሁለቱ «ለዚህ ዞን ለጊዜው አንሸጥም» አሉኝ፤ ሦስተኛው ያቀረበው አረቦን ደግሞ ከዋናው የቤት መድን አረቦን በብዙ ስለበለጠብኝ ተውኩት። ስለዚህ የአሁኑን ውሌን በቂ ነው ብዬ ስናገር ይህን ትልቅ ቀዳዳ ሳልዘነጋ ነው።

በመጨረሻ የመረጥኩት ኩባንያ ለሕንፃው በሺህ ብር 1.50፣ ማለትም 7,200 ብር፣ ለማዕበል፣ ለበረዶ፣ ለጎርፍና ለመሬት መንቀጥቀጥ ጭማሪ 2,400 ብር፣ ለቤት ዕቃ ስርቆት ደግሞ 3,000 ብር፣ በድምሩ 12,600 ብር አስከፍሎኛል። በወር ሲታሰብ አንድ ሺህ ብር ገደማ ነው። ከሦስቱ ርካሹ አይደለም። የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው፤ አንደኛ፣ መድን የሚገባው መጠን ከቤቱ ዋጋ ቢያንስ ሰማንያ አምስት በመቶ እስከሆነ ድረስ ካሳውን በመጠን እንደማይቀንስ በተጨማሪ ገጽ ጽፎ ፈርሞልኛል፣ ይህም በዋጋ ንረት ዘመን ትልቅ እፎይታ ነው። ሁለተኛ፣ የጭቃውን ሰርቪስ ሳይንቅ መድን አስገብቶልኛል። ሌሎቹ ብሎኬቱን ብቻ እንጂ በእንጨትና ጭቃ የተሠራ አንወስድም ብለው ነበር፤ በእኛ ከተማ ግን ግማሹ ሰው ምግቡን የሚያበስለውም፣ እሳት የሚነሣበትም እዚያው ጭቃ ቤት ውስጥ ነው!

ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር ደብቄ ነበር፤ ኋላ አስቤ ተናገርኩት። ከሰርቪሱ አንዱን ክፍል በኢንዱስትሪ ፓርኩ ለምትሠራ ልጅ አከራይቻለሁ፤ እሷም በከሰል ምድጃ ታበስላለች። ለምዝገባው ክፍል ሠራተኛ ስነግራት «ጋሼ፣ ይህን ባይነግሩን ኖሮ ነገ እሳት ቢነሣ ችግር ይሆን ነበር» ብላ በማመልከቻው ላይ ጻፈችው፤ አረቦኑም አልጨመረም። የንግድ ሕጉ በ1952 ዓ.ም. የወጣ ቢሆንም ስለ መድን የሚናገረው ክፍል አዲሱ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ከወጣ በኋላም በሥራ ላይ ነው፤ በአንቀጽ 667 መሠረት መድን ገቢው የሚያውቀውንና አደጋውን ለመመዘን የሚጠቅመውን ሁሉ በትክክል መናገር አለበት፣ ሆን ብሎ የደበቀ ሰው ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። በረንዳ ላይ ሱቅ የከፈተ፣ ጋራዡን ወደ ብረት ብየዳ ቤት የለወጠ ሁሉ ይህንኑ ያስብ።

የቤት ዕቃው ዝርዝር ለብቻው የሚነገርለት ነው። ኩባንያው ባዶ ቅጽ ሰጥቶኝ «የቤት ዕቃ» በሚለው ላይ አንድ ድምር ብቻ እንድጽፍ ጠይቆኝ ነበር፤ እኔ ግን ከባለቤቴ ጋር አንድ ቅዳሜ ሙሉ እየዞርን ሦስት ገጽ ሞላን። ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ሶፋ የሚሉት ቀላል ናቸው፤ ያወያየን ከመንዝ የመጡት ሁለት ባናዎች፣ ማለትም የበግ ፀጉር ብርድ ልብሶች፣ ናቸው። በደብረ ብርሃን ውርጭ ባና ያለው ሰው ዋጋውን ያውቃል፤ የገበያ ዋጋው ግን በሻጩና በገዢው ክርክር የሚወሰን ስለሆነ ፎቶ አንሥተን፣ በገበያ ከሚሸጥ ተመሳሳይ ባና ዋጋ ጋር አያይዘን አስገባን። የባለቤቴ እናት የብር ድሪ ደግሞ ከተወሰነ ዋጋ በላይ ለሆነ ጌጣ ጌጥ የተለየ መግለጫ ስለሚያስፈልግ ለብቻው ተመዘገበ። የጥሬ ገንዘብና የሰነድ ዋስትና የለም፤ የቤት ካርታውን ዋናውን ቤት ውስጥ ማስቀመጥ በውሉ ዘንድ የባለቤቱ ራስ ምታት ነው።

ስለ አዲሱ ኩባንያ አገልግሎት ጥቂት ልበል። ቅርንጫፉ ንጹሕ ነው፣ ወረፋ የለውም፣ ገማቹም በተቀጠረበት ቀን መጥቶ ቤቱን በደንብ አይቷል፤ ሰርቪሱ ላይ ያለውን የገመድ ሥራ አይቶ ለምጣዱ የተለየ ብሬከር እንዳስገባ መክሮኝ በራሴ ወጪ አስገብቻለሁ። እስካሁን የካሳ ጥያቄ ስላላቀረብኩ ኩባንያው በችግር ጊዜ እንዴት እንደሆነ መመስከር አልችልም፤ የመድን ትክክለኛ ፈተና ደግሞ ያ ነው። ያም ሆኖ ውሉ ካሳ የሚጠየቅበትን ሥርዓት በግልጽ አስቀምጧል፤ አደጋውን በአምስት ቀን ውስጥ ማሳወቅ፣ የፖሊስ ማስረጃና የጉዳት ፎቶ ማቅረብ፣ ገማቹ እስኪመጣ ፍርስራሹን አለማንሣት። ቅሬታ ካለ መጀመሪያ ለኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት፣ ካልተፈታ ዘርፉን ለሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ይቀርባል። ቂም ይዞ ዝም ያለ ሰው ግን ጊዜው ያልፍበታል፤ በንግድ ሕጉ አንቀጽ 674 መሠረት ከመድን ውል የሚነሣ ክስ በሁለት ዓመት ይታገዳል።

ዋናው ቅሬታዬ ቋንቋው ነው። ሃያ ሁለት ገጽ ያለው ውል በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው። ለእኔ ልጄ አነበበችልኝ፤ ለሌላው ማን ያነብለታል? የአማርኛ ቅጂ ስጠይቅ ባለሁለት ገጽ ማብራሪያ ተሰጠኝ፤ የሚሸፈነው ሁሉ በደማቁ ተጽፏል፣ የማይሸፈነው ዝርዝር ግን የለበትም። ሙሉውን ትርጉም እንዲሰጡኝ በጽሑፍ አመልክቼ ማኅተም አስደርጌያለሁ። ባለፈው ሰኞ ገበያ ስወርድ ጎራ ብዬ ስጠይቅ የምዝገባዋ ልጅ «ከዋናው መሥሪያ ቤት እየጠበቅን ነው ጋሼ» አለችኝ፤ ነሐሴ ላይ ውሉ ከመታደሱ በፊት እንዲደርስ ቀኑን በማመልከቻው ጀርባ አስጽፌ ተመልሻለሁ።